ዩሮፒያን ቬኬሽን፦ ስለ ግሪስወልዶች የአውሮፓ ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን ፊልም እወደዋለሁ ባልኩ ቁጥር የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ያው አንድ ዓይነት ናቸው፣ እስቲ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸውና ልረፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ደግሞ ፊልሙ ከወጣ አርባ ዓመት ሞልቶታል፣ መጨረሻውን ነገርከን ብሎ መቆጣት የለም።

ቆይ፣ ፊልሙ ስለምንድነው?

ሙሉ ስሙ «ናሽናል ላምፑንስ ዩሮፒያን ቬኬሽን» ነው፣ ጁላይ 1985 ላይ የወጣ የዋርነር ብራዘርስ ኮሜዲ። ክላርክ ግሪስወልድ የሚባል አሜሪካዊ አባወራ አለ፣ ሚስቱ ኤለን፣ ልጆቹ ኦድሪና ረስቲ። አራቱም የአሳማ ልብስ ለብሰው አንድ የቲቪ ጌም ሾው ላይ ይወዳደሩና አሸንፈው የአውሮፓ ጉዞ ይደርሳቸዋል። ከዛ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ጀርመን፣ ሮም እያሉ ይዞራሉ፣ ከደረሱበት ቦታ ደግሞ አንድ ነገር ሳያበላሹ አይወጡም። በቃ ይሄው ነው። ይሄ ነው የሚባል የታሪክ መስመር የለውም፣ ቀልድ በቀልድ ላይ እየተደረበ አንድ ሰዓት ተኩል ምናምን ይሞላል።

የጌም ሾው ስም «ፒግ ኢን ኤ ፖክ» ነው። እንግሊዝኛ ላይ አባባል ነው፣ ጆንያ ውስጥ ያለውን ሳያዩ መግዛት ማለት ነው፣ የአሳማው ልብስም ከዛ የመጣ ነው፣ የተሸለሙት ጉዞም ልክ እንደዛው ነው የሆነባቸው።

የመጀመሪያውን ሳላይ ይሄን ባይ ይገባኛል?

ይገባችኋል። የመጀመሪያው 1983 ላይ የወጣው «ቬኬሽን» ነው፣ ዳይሬክተሩ ሃሮልድ ሬሚስ። ጆን ሂዩዝ ናሽናል ላምፑን የሚባል የቀልድ መጽሔት ላይ የጻፈው አጭር ልቦለድ ነበረ፣ ራሱ ወደ ፊልም ቀየረው (ሆም አሎንን የጻፈው ሰውዬ ማለት ነው፣ የሰውየው ፊልሞች ላይ ቤተሰብ ለእረፍት ከወጣ በሰላም አይመለስም)። እዛኛው ላይ ክላርክ ቤተሰቡን መኪና ላይ ጭኖ አሜሪካን አቋርጦ ዋሊ ወርልድ የሚባል መዝናኛ ፓርክ ሊወስዳቸው ይነሳል፣ መንገድ ላይ ያልደረሰባቸው ነገር የለም፣ አክስት ሁላ ትሞትባቸዋለች፣ ይባስ ብሎ ሲደርሱ ፓርኩ ለእድሳት ተዘግቷል። ከዚህ ውስጥ ሁለተኛውን ለማየት የሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክላርክ ያቀደውን አይተውም። ሰማይ ቢደፋበት ፕሮግራሙ ፕሮግራም ነው።

ለምንድነው ልጆቹ ሌሎች ልጆች የሆኑት?

ይሄ ጥያቄ ቁጥር አንድ ነው፣ ቲቪው የተበላሸ የመሰለው ሰው ሁሉ አለ። የመጀመሪያው ፊልም ላይ ረስቲን የሰራው አንቶኒ ማይክል ሆል ነበር፣ ሁለተኛው ሊሰራ ሲል ልጁ በጆን ሂዩዝ ሌላ ፊልም፣ «ዊርድ ሳይንስ» ላይ ገባና አልመጣም። አንዱ ከሄደ ብለው ሁለቱንም ቀየሯቸው። ረስቲ ጄሰን ላይቭሊ ሆነ፣ ኦድሪ ደግሞ ዴይና ሂል። አባትና እናት ግን አልተነኩም፣ ቼቪ ቼዝና ቤቨርሊ ዳንጄሎ እንዳሉ ናቸው።

የሚገርመው እንግዲህ ይሄ ድንገተኛ ነገር ወግ ሆኖ ቀረ። 1989 ላይ «ክሪስማስ ቬኬሽን» ሲወጣ ልጆቹ እንደገና አዲስ ናቸው (ጁልየት ሉዊስና ጆኒ ጋለኪ፣ አዎ የቢግ ባንግ ቲዎሪው ልጅ)፣ 1997 ላይ «ቬጋስ ቬኬሽን» ሲመጣ እንደገና ሌሎች። እድሜያቸውም ይገለባበጣል፣ አንዱ ላይ ታላቅ የሆነው ሌላው ላይ ታናሽ ሆኖ ቁጭ ይላል። ወላጆቹ አንድም ቀን ልጆቻችን ተቀያየሩብን አይሉም፣ ለኔ እሱም ራሱ ቀልድ ነው።

ስለ ዴይና ሂል አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው አያውቅማ። ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ ነበረባት፣ እድገቷን ያገደውም እሱ ነው፣ ለዛ ነው ሃያ ዓመት ሆኗት የአሥራዎቹን ልጅ ስትሰራ ማንም ያልነቃው። እንደውም ወንድሟን ከሰራው ልጅ በአራት ዓመት ታላቅ ናት። በኋላ ወደ ድምፅ ስራ ገባች፣ 1992 ላይ ቶምና ጄሪ አፍ አውጥተው የሚያወሩበት ረጅሙ ፊልም ላይ ጄሪ እሷ ናት፣ «ጉፍ ትሩፕ» የሚባለው የዲዝኒ ካርቱን ላይ ማክስም እሷ ናት። 1996 ላይ በዛው በሽታ ምክንያት አረፈች፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ፊልሙ ስለ ኦድሪ መብላትና መወፈር የሚቀልዳቸው ቀልዶች አያስቁኝም፣ ድሮም እኮ ያን ያህል አያስቁም ነበር።

ያ የአደባባዩ ሲን የት ነው የተቀረጸው?

ለንደን፣ ላምቤዝ ብሪጅ ጋ ያለው አደባባይ ነው። ብዙ ሰው ፊልሙን በሙሉ ረስቶ ይሄን ብቻ ያስታውሳል፣ ትክክልም ነው። ላላያችሁት ልንገራችሁ። ክላርክ ቢጫ መኪና ተከራይቷል፣ መሪው በቀኝ በኩል ነው፣ እንግሊዞች ደግሞ በግራ ነው የሚነዱት፣ ስለዚህ አደባባዩ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ አሜሪካም እኛ ጋም በተቃራኒው ነው። ሰውዬው ይገባል፣ መግባቱንስ ገባ፣ ለመውጣት ወደ ግራ መስመር መጠጋት አለበት፣ እዛ ጋ መኪና አላስጠጋ ይለዋል። አንዴ ዞሮ ሲመጣ ቢግ ቤን ይታያል፣ ልጆች ተመልከቱ ቢግ ቤን፣ ያ ደግሞ ፓርላማው ብሎ በደስታ ያሳያል። ይዞራል። እንደገና ቢግ ቤን። አሁንም እዩት ይላል። ይዞራል። ልጆቹ ሰለቻቸው፣ ኤለን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ፣ እሱ ግን ማሳየቱን አላቆመም። ከዛ በአንዴ ጨለማ ይሆናል፣ መብራት በርቷል፣ ሚስትና ልጆች እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ ክላርክ ብቻውን እየሳቀ አሁንም እየዞረ ነው፣ አሁንም ቢግ ቤንን እያሳየ ነው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

አዲስ አበባ በስራ መውጫ ሰዓት አደባባይ ላይ የታገተ ሰው ይሄን ሲያይ የሚስቀው ሳቅ የተለየ ነው። ግን ቀልዱ ትራፊኩ አይደለም። ሰውዬው ተስፋ አለመቁረጡ ነው። እኛ ቨርጂኒያ ያደግን ልጆች ይሄን አባት እናውቀዋለን፣ የኛ አባት ናያጋራ ሊያሳየን ከሌሊቱ አስር ሰዓት ቀስቅሶን፣ እናቴ ዶሮ ወጡን በድስቱ ጠቅልላ እግሯ ስር አስቀምጣ፣ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ነድቶ ስንደርስ ጉም ነው፣ አንድ ነገር አይታይም፣ ድምፁ ብቻ። አባቴ «ስሙት! ስሙት እስቲ!» አለ። ክላርክን ሳየው እሱ ነው የሚታወሰኝ፣ ፊልሙን ይቅር የምለውም ለዛ ይመስለኛል።

ስቶንሄንጅን የምር አፈረሱት እንዴ?

አይ በናታችሁ። ማስመሰያ ነው፣ ለፊልሙ ተብሎ የተሰራ። ትልልቆቹ እውነተኛ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው ሃያ ምናምን ቶን ይመዝናሉ፣ ቆመው የኖሩት ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ነው፣ ቢጫ መኪና ነክቷቸው አይወድቁም። ፊልሙ ላይ ግን ክላርክ የኋላ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን ሲያንቀሳቅስ አንዱን ነካ ያደርገዋል፣ እሱ ቀጣዩን፣ ቀጣዩ ቀጣዩን፣ እንደ ዶሚኖ ክቡን ጨርሶ ይወድቃል። ቤተሰቡ ግን ምንም ሳያይ ውይ እንዴት ደስ የሚል ቦታ ነበር እያለ ይሄዳል። የምወደው እሱን ነው፣ ጥፋቱን እንኳን አያውቁም።

ያ ደም በደም የሆነው ብስክሌተኛ ማነው?

ኤሪክ አይድል ነው፣ ሞንቲ ፓይተን ከሚባለው የእንግሊዞች የኮሜዲ ቡድን። ክላርክ በመኪና ይገጨዋል፣ ሰውዬው ደሙ እየተንፎለፎለ ምንም አልሆንኩም፣ ችግር የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ዓይነት እያለ መንገድ ሁሉ ያሳያቸዋል። በኋላም ብቅ ይላል፣ ሮም ድረስ፣ ያው እንደገና ሊጎዳ። ሌሎችም የታወቁ እንግሊዛውያን አሉ፣ ለንደን ሆቴል ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ግዙፍ ሰውዬ ሮቢ ኮልትሬን ነው፣ ከዓመታት በኋላ ሃሪ ፖተር ላይ ሃግሪድ የሆነው።

ፊልሙ አውሮፓውያንን ይሰድባል ይባላል፣ እውነት ነው?

ግማሽ ግማሽ። እንግሊዞች ሁሉ ከልክ በላይ ትሁት፣ ፈረንሳዮች ሁሉ ንቀተኛ፣ ጀርመኖች ቢራና ጭፈራ፣ ጣልያኖች ሌባና ሴት አዳኝ፣ አዎ ይሄ አለ፣ ሰነፍ ቀልድ ነው፣ 1985 ላይም ሰነፍ ነበር። ግን ቆጥራችሁ እዩ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው በሰዎቹ ላይ ነው፣ አድራሹ ደግሞ ቱሪስቱ ነው። ጀርመን ክፍሉን ውሰዱት። ክላርክ ዘመዶቼ ናቸው ብሎ የሁለት ሽማግሌዎች ቤት ያንኳኳል፣ ቤቱ ተሳስቷል፣ ባልና ሚስቱ አንድም ቃል እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆኑም አያውቁም። ግን አብልተው፣ አጠጥተው፣ አልጋ አንጥፈው ያሳድሯቸዋል። የእግዜር እንግዳ የሚለውን ነገር የሰሙ ይመስል! በማግስቱ ክላርክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ መንደሩ አደባባይ ላይ ባህላዊ ጭፈራ ውስጥ ገብቶ ጭፈራውን ወደ ድብድብ ቀየረው፣ ሲሸሽ የነጋዴ ድንኳን እየደረመሰ፣ መጨረሻ ላይ ሲትሮኤን መኪናውን ጠባብ የድንጋይ ቅስት ውስጥ ሰክቶት ቀረ። ማነው እንግዲህ የተሰደበው?

በነገራችን ላይ ያ መንደር ጀርመን አይደለም። ብሪክሰን የምትባል ሰሜን ጣልያን ያለች ከተማ ናት፣ አብዛኛው ሰው ጀርመንኛ ተናጋሪ ስለሆነ እዛው ቀረጹት።

ፈረንሳዊው አስተናጋጅ ምን እያላቸው ነው?

ስድብ። ክላርክ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ሊያዝ ሲታገል አስተናጋጁ ጥርሱን እያሳየ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ ስለ ፈረንሳይኛው ያሾፍበታል፣ ስለ ሚስቱ ገላ የማይባል ነገር ይላል፣ በወይን ፈንታ የዕቃ እጣቢ ባመጣላችሁም አታውቁትም ዓይነት ነገር ይናገራል። ክላርክ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ብሎ ፈገግ። ፈረንሳይኛ የሚችል ጓደኛ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እዩት፣ የሱን ፊት ማየት ከፊልሙ ይበልጣል።

ፓሪስ ላይ ሌላም አለ። ክላርክ ለሁሉም ስማቸው የተጠለፈበት የፈረንሳይ ቆብ ይገዛላቸዋል፣ ረስቲ ደግሞ እድሜው ለሴት የሚሽኮረመምበት ነውና ሞት ነው የሆነበት፣ ኤፍል ታወር ላይ ክላርክ ልገላግልህ ብሎ የልጁን ቆብ ሲወረውረው የሌላ ጎብኚ ውሻ ተከትሎት ይዘላል። እዚህ ጋ ከሳቃችሁ ለፊልሙ ተፈጥራችኋል ማለት ነው፣ ካልሳቃችሁ ዝጉት፣ ከዚህ በኋላም ያው ነው።

ከቤተሰብ ጋር ይታያል?

ጠንቀቅ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ በሚለው ደረጃ ነው የወጣው፣ ደረጃው ራሱ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፣ 1984 ላይ ነው የተጀመረው። የዛን ጊዜ ጥንቃቄና የዛሬው ግን አይገናኝም፣ ፓሪስ ጭፈራ ቤት ውስጥና ሌላም ቦታ የሴቶች ራቁት ጡት ይታያል። ፖስተሩን አይቶ የቤተሰብ ፊልም ነው ብሎ አማቱን አጠገቡ አስቀምጦ የከፈተ ሰው አውቃለሁ፣ ሪሞቱን ሲፈልግ ሻይ ደፋ።

የኤለን ቪዲዮ ነገር እንዴት ነው? አልገባኝም።

ሁሉም ሲን ብቻውን የቆመ ስለሆነ ይሄኛው ያመልጣል። ኤለንና ክላርክ ለብቻቸው ሆነው ቀለል ያለች የግል ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ በኋላ አጥፋው ትለዋለች፣ አጠፋሁት ይላል፣ አላጠፋውም። ፓሪስ ላይ አላፊ አግዳሚውን ቅረጸን ብሎ ካሜራውን ይሰጠዋል፣ ሰውዬው ካሜራውን ይዞ እብስ። ሮም ሲደርሱ ኤለን ቀና ስትል የራሷን ምስል የብልግና ፊልም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ታየዋለች። ዛሬ ስልክ ላይ የሚደርሰው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ እኮ፣ በ1985 በቪዲዮ ካሴት! ፊልሙ ለሳቅ ብሎ ያልፈዋል፣ ቤቨርሊ ዳንጄሎ ግን ንዴቱን የምር አድርጋ ነው የሰራችው፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፊልሙ ኮሜዲ መሆኑን ይረሳል። ከዛ ተናዳ ወደ ሆቴል ስትሄድ ሌባ እጅ ትወድቃለች፣ ክላርክ ሊያድናት ይሯሯጣል፣ ይሄኛው ክፍል በጣም ይደክማል፣ መኪና ማሳደድ የሌለው ኮሜዲ አይሸጥም የተባሉ ነው የሚመስለው።

መጨረሻ ላይ የነጻነት ሐውልቷን ምን አደረጓት?

ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ ክላርክ በስህተት የፓይለቶቹ ክፍል ውስጥ ገብቶ ያደናቅፋቸውና አውሮፕላኑ የሐውልቷን ችቦ ነክቶ ይገለብጠዋል። እዚህ ጋ ከፊልሙ የሚበልጥ እውነት አለ፦ ፊልሙ ሲኒማ ቤት በገባበት ሰሞን እውነተኛዋ ሐውልት ራሷ ችቦ አልነበራትም! ለመቶኛ ዓመቷ እድሳት ላይ ስለነበረች አሮጌውን ችቦ 1984 ላይ አውርደውት፣ ዙሪያዋን በብረት ርብራብ ተከባ ነው የነበረችው፣ 1986 ላይ ነው ታድሳ የተከፈተችው።

ከመጀመሪያው ይሻላል?

አይሻልም። የመጀመሪያው አንድ መንገድ፣ አንድ መድረሻ አለው፣ ዋሊ ወርልድ ልንደርስ ነው እያላችሁ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። እዚህኛው ላይ መድረሻ የለም፣ ጉዞውም የተሸለሙት ነው፣ ክላርክ የከፈለበት ነገር ስለሌለ የሚያጣውም ያን ያህል አያሳዝንም። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው 61 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ ይሄኛው 49 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዳይሬክተሯ ኤሚ ሄከርሊንግ ናት፣ በኋላ 1995 ላይ «ክሉለስ»ን የሰራችው፣ እና ጎበዝ ናት፣ ችግሩ ስክሪፕቱ ላይ ነው። ከልጅነቴ ስላየሁት ነው እንጂ ዛሬ አዲስ ሆኖ ቢመጣብኝ ከአደባባዩ በኋላ ስልኬን ሳላነሳ አልቀርም።

ቤተሰቡ ግሪስወልድ ነው ግሪስዋልድ?

ሌሎቹ ፊልሞች ላይ በእንግሊዝኛው በኦ (o) ነው የሚጻፈው፣ ይሄኛው ላይ ብቻ በኤ (a) ጽፈውታል። ስም የተሳሳተበት ቤተሰብ፣ የተቀየሩ ልጆች፣ የተሳሳተ ቤት። ሌሎቹ ፊልሞች ላይ የሚመጣው ዘመዳቸው ከዝን ኤዲ የት ሄደ ለምትሉኝ ደግሞ፣ የለም፣ ይሄኛው ላይ አልገባም።

ፊልሙ ላይ ኢትዮጵያን የሚነካ ነገር አለ?

የለም። ግን አንድ ነገር ሁሌ ትዝ ይለኛል። በዛን ጊዜ የአክሱም ሐውልታችን እዛው ሮም ነበር፣ 1937 ላይ ከተወሰደ ጀምሮ ፖርታ ካፔና ጋ ቆሞ፣ 24 ሜትር ቁመት። ተፈታትቶ የተመለሰልን 2005 ላይ ነው፣ አክሱም ላይ እንደገና የቆመው 2008። ሮም ክፍሉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከጀርባ ያለውን ነው የሚያየው፣ እና ክላርክ ያንን መኪና ይዞ ወደዛ ሰፈር እንዳይታጠፍ እጸልያለሁ። ስቶንሄንጅን ያየ ሰው ይፈራል።